«ያነበብኸው ምን ይላል?»፦ የአንድ የንባብ መምህር ተሞክሮ

በጎጃም በሚገኝ አንድ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ የንባብን ትምህርት ማስተማር ከጀመርሁ 20 ዓመት አልፎኛል። በየዓመቱ መስከረም ላይ ይህንኑ ትምህርት እንዲሰጡ አዲስ የተመደቡ ወጣት መምህራን ወደ ቢሮዬ ብቅ እያሉ፣ ምን ተምሬ የንባብ መምህር እንደሆንሁና እነሱስ ምን ምን መጻሕፍትን ማንበብ እንደሚገባቸው ይጠይቁኛል። በቃል የምሰጣቸው መልስ ሁልጊዜ የተቆራረጠ ስለሚሆንብኝ፣ ለእነሱም ሆነ በየገጠሩ ትምህርት ቤት ከሕፃናት ጋር ለሚደክሙ መምህራን ይጠቅም እንደሆነ በማለት ያለፍሁበትን መንገድ በጽሑፍ ማስቀመጥን መረጥሁ።

የተወለድሁት በምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ኤልያስ ብዙ በማይርቅ የገጠር መንደር ነው። ዕድሜዬ 6 ዓመት ሲሞላ አባቴ በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያስተምሩ ከነበሩ የኔታ ዘንድ አስገባኝ። መጀመሪያ በእጄ የያዝሁት የንባብ መሣሪያ በወፍራም ካርቶን ላይ የተለጠፈ የፊደል ገበታ ነበር፤ ታላላቆቼ ተምረውበት ለእኔ የተላለፈ በመሆኑ ማዕዘኖቹ ተልገው ክብ ሆነዋል፣ ስንደዶው ዘወትር የሚያርፍበት የመጀመሪያው መስመርም ቀለሙ ለቅቆ «ሀ» እና «ሁ» በግምት ካልሆነ አይለዩም። 33ቱን ፊደላት በ7 ሆሄያቸው፣ ማለትም 231ዱን ቅርጽ፣ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» እያልሁ በዜማ ተወጣኋቸው። በቃሌ ስለያዝኋቸው ያወቅኋቸው መስሎኝ ነበር፤ የኔታ ግን ወዲያው ወደ አቡጊዳ አዛወሩኝና ዜማው ጠፋብኝ። አቡጊዳ እነዚያኑ ፊደላት ቅደም ተከተላቸውን ሰብሮ፣ «አ ቡ ጊ ዳ» ብሎ በሰያፍ ስለሚያስኬዳቸው፣ በዜማው ተደግፎ የመጣ ልጅ በዚያ ይያዛል። በብዙ ዓመት በኋላ ስለ ንባብ ምዘና የተጻፉ የሥልጠና ሰነዶችን ሳነብ፣ ሕፃኑ ፊደሉን ለይቶ እንደሆነ ለማረጋገጥ ፊደላትን አዘበራርቆ ማቅረብ እንደሚያስፈልግ ተጽፎ አገኘሁ። የእኛ አባቶች ይህን በካርቶን ጀርባ ላይ ጽፈው ካስቀመጡት ስንት ዘመን እንደሆነው እያሰብሁ ሰነዱን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ ተቀምጬ ነበር።

ከአቡጊዳ በኋላ ግዕዝ ንባብ፣ ከዚያ ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም ቁም ንባብ ይመጣል። በመጀመሪያው ፊደል በፊደል ይቆጠራል፤ በሁለተኛው ቃሉ ተያይዞ በዝግታ ይወርዳል፤ በሦስተኛው አንባቢው ሳይደናቀፍ ይዘልቃል። ድምፁ ከፍ ብሎ የሚነበበውን ተነሽ ቃል ወዳቂ፣ ዝቅ ብሎ የሚነበበውን ወዳቂ ቃል ተነሽ አድርጎ ማንበብ ከባድ ጥፋት ነው። የኔታ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ፀሐይ እየሞቁ ከ10 የማያንሱ ልጆችን በአንድ ጊዜ ይሰሙ ነበር፤ ከመካከላችን አንዱ አንዲት ቃል ቢስት ዓይናቸውን ሳይገልጡ ስሙን ጠርተው ወደ ቃሉ ይመልሱታል። ይህን ጆሮ እስከ ዛሬ እመኘዋለሁ። በ9 ዓመቴ ዳዊት ደገምሁ፤ እናቴ ጠላ ጠምቃ ጎረቤት ጠራች፣ አባቴም ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ከሰው ጋር ቆሞ ሲያወራ አየሁት። ከ150ው መዝሙር ግን የአንዱንም ትርጉም አላውቅም ነበር፤ ቋንቋው ግእዝ ነው፣ ትርጓሜውም በሌላ ጉባኤ፣ በሌላ ዕድሜ የሚደረስበት ነው።

በዚያው ዓመት ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገባሁና ማንበብ ስለምችል በቀጥታ 3ኛ ክፍል አስቀመጡኝ። በመጀመሪያው ሳምንት የአማርኛ መምህራችን ከመማሪያ መጽሐፉ አንድ ገጽ እንዳነብ አዘዙኝ። ስለ ንብ አያያዝ የተጻፈ ነበር። አንዲት ቃል ሳልስት፣ በቁም ንባብ ፍጥነት ዘለቅሁት፣ ክፍሉም ጸጥ አለ። መምህሩ ፈገግ ብለው «ያነበብኸው ምን ይላል?» አሉኝ። ጥያቄው አልገባኝም። እንደገና ከመጀመሪያው አነበብሁላቸው። «አይደለም፤ ምን ይላል? ስለ ምን ነው የሚናገረው?» ሲሉኝ ለሦስተኛ ጊዜ ማንበብ ልጀምር ስል በእጃቸው አስቆሙኝ። ከቤታችን ጓሮ 4 ቀፎ ነበረን፤ ማር ሲቆረጥ ጭሱን የምይዘው እኔ ነበርሁ። ያ ገጽ እኔ በእጄ የማውቀውን ነገር እየነገረኝ እንደነበር ሳልሰማው አለፈኝ። ግእዝን ያነበብሁበት ልማድ አማርኛውንም እንዲሁ ድምፅ ብቻ አድርጎብኝ ነበር።

ድምፅን ወደ ትርጉም የመለሰልኝ ትምህርት ቤቱ ብቻ አይደለም። «አያ» እያልሁ የምጠራው ታላቅ ወንድሜ በዚያ ጊዜ ጎንጅ ቅኔ ቤት ነበር፤ ዓመት በዓል ሲሆን አኩፋዳውን አንግቦ ቤት ይመጣና ማታ ማታ ከምድጃው ዳር ስለ ነገራ ይተርክልኛል። ተማሪው ቀኑን ሙሉ ከሰው ተለይቶ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከመቃብር ቤት ጥግ ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም በልቡ ያዘጋጃል፤ ከዚያ ወደ መምህሩ ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም የተሰበረውን ይጠግኑለታል፣ ያልሞላውን ያስሞሉታል። ጀማሪው የሚነግረው ጉባኤ ቃና የተባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ ብቻ ነው፤ ነገር ግን በሁለቱ ስንኝ ውስጥ ሰምና ወርቅ ተስማምተው መግባት አለባቸው። ወንድሜ ከሁሉ አብልጦ የነገረኝና ያስገረመኝ፣ በቅኔ ቤት ትናንት የተነገረውን ቅኔ ዛሬ ደግሞ መንገር የማይታሰብ መሆኑ ነው። በንባብ ቤት ከተጻፈው ፊደል ዝንፍ ማለት ነውር ነው፤ በቅኔ ቤት ደግሞ የተባለውን መልሶ ማለት ነውር ነው። ሁለቱ ቤቶች በአንድ ቅጥር ውስጥ፣ በአንድ ተማሪ ሕይወት ውስጥ ተከታትለው መገኘታቸው፣ ከማስተምረው ሁሉ መሠረት ሆኖ ያገኘሁት ሐሳብ ነው።

ወንድሜ በልጅነቴ ያስተማረኝ አንዲት ቃል ነበረች፤ «ዓባይ»። «ባ»ን አጥብቀህ ስትላት ወንዛችን ነው፤ አላልተህ ስትላት ግን ውሸታም ማለት ናት። ቅኔ ፈላጊ በዚህች አንዲት ቃል ወንዙንም ሐሰተኛውንም በአንድ ጊዜ ያነሣበታል። እኔ ይህን ከሰማሁ በኋላ በቤታችን የሚነገረውን ቃል ሁሉ እያጠበቅሁና እያላላሁ መፈተሽ ጀመርሁ፤ «ገና»ን አገኘሁ፣ «ዋና»ን አገኘሁ፣ «አለ»ን አገኘሁ። የአማርኛ ፊደል መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ አንባቢው ትርጉሙን ቀድሞ ካልያዘ ድምፁን በትክክል ሊያወጣው አይችልም። ስለዚህ በአማርኛ ድምፁ ትርጉሙን የሚመራውን ያህል ትርጉሙም ድምፁን ይመራዋል። ለአዳዲስ መምህራን ደጋግሜ የምነግራቸው ይህን ነው፤ በሌላ ቋንቋ ላይ የተጻፈ የንባብ ማስተማሪያ መጽሐፍ ይህን ሊያስተምራቸው አይችልምና።

ለሥነ ጽሑፍ ያለኝ ፍቅር የመጣው በጆሮዬ በኩል ነው። ከመንደራችን አንድ ቤት ሬዲዮ ነበር፤ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ትልልቆቹ ከውስጥ፣ እኛ ልጆች ከበር ላይ ሆነን እንሰማ ነበር። ታሪኩ ስለ ማንኩሳና ስለ ዲማ ጊዮርጊስ ያወራል፤ ሰዎቹ የሚነጋገሩት እንደ አባቶቻችን ነው። በመጽሐፍ ውስጥ የእኛ አገር ሊኖር እንደሚችል ያወቅሁት በዚያ በር ላይ ቆሜ ነው። መጽሐፉን በእጄ የያዝሁት 10ኛ ክፍል ስደርስ ሲሆን፣ ሽፋኑ ተገንጥሎ፣ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ወድቀው፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ቅጂ ነበር፤ የተሰጠኝ ለ4 ቀን ብቻ ስለነበር በኩራዝ አነበብሁት።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እመለስበታለሁ። ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ራሳቸውም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማሩት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ በመሆኑ፣ የቆሎ ተማሪን ሕይወት የጻፉት ከውጭ ሆነው አይደለም። ሰው ሁሉ ስለ ሁለቱ ፍቅረኞችና ስለ ጉዱ ካሳ ሲያነሣ እኔን የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው። በዛብህ ከፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባው ሰብለ ወንጌልን ንባብና ጽሕፈት ሊያስተምር ነው። የዚያ ታላቅ ታሪክ ቋጠሮ የተቋጠረው በንባብ ትምህርት ላይ ነው። ለዕጩ መምህራን ይህን ስነግራቸው ብዙዎቹ ቀና ይላሉ፤ የሚገቡበት ሙያ በአገራቸው ትልቅ ልቦለድ ውስጥ ያለው ቦታ አልታያቸውም ነበርና።

ይህን ሁሉ ይዤ የኮሌጅ መምህር ስሆን ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሠራሁት ስሕተት ነው፤ ሌሎች እንዳይደግሙት በግልጽ መናገር ይገባኛል። ሞጁሉን ይዤ ክፍል እገባና የንባብን ምንነት፣ የንባብ ዓይነቶችን፣ የአንብቦ መረዳት ደረጃዎችን አስጽፋለሁ፤ ፈተናው ላይም «ዘርዝር» እላለሁ። ተማሪዎቼ ይዘረዝሩልኝ ነበር። ብዙዎቹ ኮሌጁን ሲጨርሱ ከዳር እስከ ዳር ያነበቡት አንድ ልቦለድ እንኳ እንዳልነበረ የጠየቅኋቸው ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው።

ዓይኔን የገለጠልኝ የተግባር ልምምድ ላይ ያሉ ተማሪዎቼን ለማየት የሄድሁበት አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ነው። በፈተናዬ ከሁሉ በላይ ያመጣው ዕጩ መምህር 2ኛ ክፍልን እያስተማረ ነበር። ከሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ምንባብ እሱ ይመራል፣ ልጆቹ ይቀበላሉ፤ ክፍሉ በድምፅ ተሞልቷል። እኔ ከኋላ ከአንዲት ሴት ልጅ አጠገብ ተቀምጫለሁ። መጽሐፏን ገልጬ ያንኑ ምንባብ እንድታነብልኝ ስጠይቃት ጥርት አድርጋ ጀመረችው፤ ጣቷ ግን ከአንዱ መስመር ላይ እንደተቀመጠ ቀርቷል፣ ዓይኗም በመስኮቱ በኩል ወደ ሜዳው ነው። ምንባቡን ስትጨርስ ከመካከሉ «ውሃ» የሚለውን ቃል እንድታሳየኝ ጠየቅኋት። ገጹን ለጥቂት ጊዜ አየችና መጽሐፉን በሁለት እጇ ይዛ እንደገና ከመጀመሪያው ትወጣው ጀመር። ያቺ ልጅ ጥፋት የለባትም፤ የተማረችው ያንን ነው። ያስተማራት ልጅም የተማረው ከእኔ ነው። ያን ቀን ወደ ኮሌጁ የተመለስሁት በእግሬ ሲሆን፣ ከአንድ ሰዓት በላይ በወሰደው መንገድ ላይ የማስተማር ዘዴዬን ሁሉ ከሥሩ መርምሬዋለሁ።

የእሷ ችግርና የእኔ የ3ኛ ክፍል ችግር ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ አንድ ግን አይደሉም። እሷ በቃሏ ትይዛለች እንጂ ፊደሉን አትለይም፤ እኔ ፊደሉን እለያለሁ እንጂ የሚለውን አልሰማም ነበር። መድኃኒታቸውም የተለያየ ስለሆነ መምህሩ በመጀመሪያ የትኛው እንደሆነ መለየት አለበት። ለመጀመሪያው የሚበጀው የአቡጊዳ መንገድ ነው፤ ከወረቀት ላይ አንድ ቃል የምታህል ቀዳዳ ቆርጦ ገጹ ላይ በማሳረፍ፣ ቃላቱን ከታች ወደ ላይ፣ ከመካከል ወደ ዳር እያደረጉ ማስነበብ ነው። ቀዳዳዋ ዜማውን ስለምትቆርጠው ሕፃኑ ፊደሉን ከማየት ሌላ ምርጫ አይኖረውም። ለሁለተኛው የሚበጀው የቅኔ ቤቱ መንገድ ነው፤ መጽሐፉን አስዘግቶ በራሱ ቃል እንዲናገር ማድረግ፣ ከመጽሐፉ ቃል በቃል የደገመውንም አለመቀበል ነው። ሁለቱን የሚያቀላቅል መምህር ፊደል ያልለየውን ልጅ በትርጉም ጥያቄ ያስጨንቀዋል፣ ትርጉም የጎደለውን ደግሞ ፊደል እያስቆጠረ ያሰለቸዋል።

ለዕጩ መምህራኑ ያደረግሁት ለውጥ ትልቅ ገንዘብም ሆነ ፈቃድ የሚጠይቅ አልነበረም። እያንዳንዱን ክፍለ ጊዜ የምጀምረው ለ10 ደቂቃ ያህል ድምፄን ከፍ አድርጌ ልቦለድ በማንበብ ነው። ማስታወሻ አይያዝም፣ ጥያቄም አይጠየቅም። ከዚያ ተራው የእነሱ ይሆናል፤ ነገ የሚያነቡትን ገጽ ዛሬ ማታ ወስደው፣ የሚጠብቀውን ፊደል ሁሉ በእርሳስ ከላይ ነጥብ እያደረጉበት ይመጣሉ። «መምህሩ ይሰማል» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳ ላይ እጽፋታለሁ፤ ላልታ ስትነበብ መምህሩ የሚያዳምጥ ነው፣ ጠብቃ ስትነበብ ድምፁ የሚደመጥ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ከፊትና ከኋላ ያለው ዓረፍተ ነገር በመሆኑ፣ ነጥቡን ለማስቀመጥ የግድ ምንባቡን መረዳት ያስፈልጋቸዋል። እኔ ካየኋቸው የአንብቦ መረዳት መልመጃዎች ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

በየሳምንቱም አንድ ገጽ ይጽፋሉ፤ ያላወቁትን አንድ ቃል፣ ሁለት ጊዜ ያነበቡትን አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ደራሲውን ቢያገኙት የሚጠይቁትን አንድ ጥያቄ። እኔም የራሴን ጽፌ አነብላቸዋለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ይህን ባለማድረጌ የሚጽፉልኝ ሁሉ ከመጽሐፉ ጀርባ የተገለበጠ ነበር፤ የእኔን መስማት ከጀመሩ በኋላ ግን የእነሱም እየተለወጠ መጣ። ንባብን የሚያስተምር ሰው ዛሬ ምን እያነበበ እንደሆነ ተማሪዎቹ ሊያውቁ ይገባል።

መጻሕፍትን በተመለከተ፣ እኛ በጎጃም የምናስተምር ሰዎች ልናዝን የማይገባን ነገር አለ። በአማርኛ የመጀመሪያው ልቦለድ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ታትሞ የወጣው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ኋላም «ጦቢያ» የተባለው ሲሆን፣ ደራሲው የዘጌ ልጅ ናቸው። የመጀመሪያው አጭር ልቦለድ ተብሎ የሚታወቀውን፣ በ1941 ዓ.ም. የታተመውን «የጉለሌው ሰካራም»ን የጻፉት ተመስገን ገብሬም የጎጃም ተወላጅ ናቸው። ባለቅኔውና ጸሐፌ ተውኔቱ ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ ሰው ናቸው፤ አቤ ጉበኛም የተወለዱት በአቸፈር ነው። ይህን የምለው ለአገሬ ልጆች አድልቼ አይደለም፤ ተማሪው የሚያውቀውን ወንዝና መንገድ በመጽሐፍ ሲያገኝ የሚሰማውን ስላየሁት ነው።

ቅደም ተከተሉ ግን መታሰብ አለበት። መጽሐፍ አንብቦ የማያውቅ ተማሪ በ«ጦቢያ» መጀመር የለበትም፤ አማርኛው ከመቶ ዓመት በፊት የነበረ በመሆኑ ለሦስተኛው ዓመት ቢቆይ ይሻላል። እኔ የምጀምረው በተመስገን ገብሬ አጭር ልቦለድ ነው፤ አጭር በመሆኑ ተጀምሮ ይጨረሳል፣ መጨረስን ያልለመደ አንባቢ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ደግሞ ያ ነው። ቀጥሎ የአቤ ጉበኛን «አልወለድም» እሰጣለሁ፤ ገና ያልተወለደ ፅንስ «አልወለድም» ብሎ መከራከሩ ተማሪውን በመጀመሪያው ገጽ ይይዘዋል። አንዳንድ ቦታ ላይ ስብከቱ ከታሪኩ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ይህንኑ ለተማሪዎቼ ነግሬ እንዲከራከሩኝ አደርጋለሁ፣ ብዙ ጊዜም በጽናት ይከራከሩኛል። «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ግጥሞችና ተውኔቶች በየመካከሉ ይገባሉ።

የቅጂ እጥረት ሁልጊዜ አለ። 48 ተማሪ ባለበት ክፍል 3 ቅጂ ብቻ ይዤ ያስተማርሁበት ዓመት ነበር። ፎቶ ኮፒው ውድ ከመሆኑም በላይ ለደራሲው መብትም ደግ አይደለም። ስም ዝርዝር አውጥቼ በሁለት በሁለት አጣምሬ፣ አንዱ ሲያነብ ሌላው እየሰማ፣ ለ3 ሌሊት እያዋስሁ አዳረስሁት፤ ሳላስበውም ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ከዶርሙ ገባ።

ባለፈው ዓመት ታላቅ ወንድሜ፣ አሁን መሪጌታ ነው፣ ለሕክምና ወደ ከተማ መጥቶ ስለነበር ወደ ክፍሌ ጋበዝሁት። ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ነጭ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሰብለ ወንጌል ትምህርት የምትጀምርበትን ገጽ ስታነብ ከመካከሉ አንዲት ቃል አላላችበት። ወንድሜ ዓይኑን ሳይገልጥ «እስቲ መልሺያት፣ ልጄ» አላት። ልጅቱ ቃሏን አጥብቃ መለሰችና ማንበቧን ልትቀጥል ስትል፣ «አሁን ምን አለ?» ሲል ጠየቃት። መጽሐፉን በጣቷ ይዛ ዘጋችው፣ ጥቂት አሰበችና በራሷ ቃል ነገረችው። እሱም ራሱን ነቅንቆ፣ ቀጥሎ ያለው ተማሪ እንዲያነብ በእጁ ምልክት ሰጠ።